አጥሩ ላይ የተሰቀለው ሞራ

ወፍ አልወድም። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ። እዚህ ከተማ ሰው ሁሉ በበረዶው ወራት መስኮት ሥር ተሰይሞ ወፍ ሲያይ ይውላል፤ እኔ ኢንገር ደግሞ ወፍ ያቆሸሸውን መስኮት ስወለውል እውላለሁ። ወንድሜ ሃልቮር ግን ሌላ ነው። ለሰው ፊቱን የማይፈታው ሰውዬ ቀይ ወፍ ካየ ልጅ ይሆናል። ሥራውም ከወፍ ጋር አወዳጅቶታል፤ ባለሉካንዳ ነው። ከበሬ ኩላሊት ዙሪያ የሚወጣውን ነጭ ሞራ ሰው የሚገዛው ከእሱ ነው። ገዝቶ ጓሮው ዛፍ ላይ ይሰቅለዋል፤ ወፉም ብርዱን የሚችለው ያንን ሞራ እየቆነጠረ ነው።

ሞራው ታዲያ የሚወርድበት ቀን አለው። በበረዶው ወራት ሞተሩ የወጣ አንድ አሮጌ መኪና ጎትተን በረዶ ሆኖ የረጋው ሐይቅ መሐል እናቆምና መቼ እንደሚሰምጥ እንወራረዳለን። መኪናው በረዶውን ሰብሮ ሲሰምጥ የእሳት አደጋው ደወል ይደወላል። በዚያው ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ ሰው ሁሉ ሞራውን ያወርዳል፤ ድቡ ነቅቷላ። የበረዶውን ወራት ሙሉ ተኝቶ ያልበላ ድብ ሞራ ከሸተተው አጥር አያቆመውም፣ በር አያቆመውም። ይህን ሕግ ብሎ የጻፈው የለም። የጣሰው ግን በመንገድ ላይ ሰላም የሚለው ሰው አያገኝም።

ከአጥራችን ወዲያ ያለው ትልቁ ነጭ ቤት የሃትዌሎች ነው። የእንጨት መሰንጠቂያው ባለቤቶች ነበሩ። ሃልቮር በወጣትነቱ እዚያ ሲሠራ መጋዙ የግራ እጁን ሁለት ጣቶች ወሰደበት። ሽማግሌው ሃትዌል ለፋሲካ አንድ የአሳማ ታፋ ላከለትና ነገሩ በዚያው አለቀ። ሃልቮር ታፋውን ለውሻ ሰጠው። እኔ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ጥሩ ታፋ ነበር።

ሉካንዳውን የከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። ለቢላዋ ቀኝ እጁ ይበቃዋል። ያስቸገረው ሲባጎው ነው። ጥቅል ሥጋ ሲታሰር ሲባጎው ዞሮ ዞሮ ይቋጠራል፤ ቋጠሮው እስኪጠብቅ መሐሉን የሚጫን ጣት ያስፈልጋል፤ ሃልቮር ያ ጣት የለውም። ስለዚህ ልጁ ሲግሪድ፣ ቁመቷ ገና ባንኮኒው ጋ ሳይደርስ፣ በርጩማ ላይ ትቆማለች። «ጣት» ይላታል። ጣቷን ትሰጠዋለች፤ ይቋጥራል። እናቷ ከሞተች በኋላ እዚያ ሉካንዳ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ የሚሰማው ይኸው ነበር፦ ጣት፣ ጣት፣ ጣት። ሃልቮር ለጎደለ እጁ ብሎ ያወጣው ቋጠሮ ስለሆነ ሌላ ሰው የሚያስረውን አይመስልም፤ ወደ ግራ ነው የሚዞረው። ሲግሪድም ስታድግ የምታውቀው ቋጠሮ ያው ሆነ።

ልጅቱ ደግሞ ሄዳ ሄዳ ማንን ትውደድ? የሃትዌልን ልጅ፣ ኤቨረትን።

መዋደዳቸውን ያወቅሁት ከሲግሪድ አፍ አይደለም። ወፍ ባልወድም ዓይኔ ደህና ነው። ኤቨረት ከጓሮው እንጨት ሲፈልጥ መጥረቢያውን አንስቶ ወደ እኛ መስኮት ያያል፤ መጥረቢያው እላይ እንዳለ ይቀራል። ሲግሪድ ሰሃን ስታጥብ አንዱን ሰሃን ደጋግማ ታጥባለች። ምልክት እንደነበራቸው ግን የነገረችኝ ባለፈው የበረዶ ወራት ነው። በሁለቱ ግቢ መሐል ባለው አጥር በምሥራቁ ቋሚ ላይ ሞራ ከተሰቀለ፣ «አባቴ ሉካንዳው ውስጥ ነው፤ ጀልባ ቤቱ ጋ እየጠበቅሁህ ነው» ማለት ነው። ሲግሪድ ወፍ የምትመግብ ነው የሚመስለው። ወፉም ይመጣል፤ ኤቨረትም ይመጣል።

ከሁለት ዓመት በፊት መኪናው ሰመጠ፤ ሞራ ሁሉ ወረደ። ሲግሪድ ግን አልቻለችም። ሞራ ከሌለ ምልክት የለም፤ ምልክት ከሌለ እስከሚቀጥለው በረዶ ኤቨረት የለም። አንድ ቀን ብቻ ብላ ሰቀለች። ኤቨረት ያን ቀን ሌላ ቦታ ውሎ አላየውም። ያየው ድቡ ነው።

አመሻሹ ላይ ሃልቮር ኮቴ ሰምቶ ወጣ። ድቡ ቋሚውን ሲጎትት አጥሩ ተነቅሎ ከነድቡ እግሩ ላይ ወደቀበት። ኤቨረት ከወዲያ ድስትና ጭልፋ ይዞ እየቀጠቀጠ ደረሰ፤ ድቡ ሸሸ። ጎረቤት ተሰበሰበ። የእሳት አደጋው አዛዥ ከወደቀው ቋሚ ላይ የተንጠለጠለውን ሞራ በባትሪ አበራበትና፣ «ይህን ማነው የሰቀለው?» አለ። ሲግሪድ አፏን ከፈተች። ኤቨረት ቀደማት።

«እኔ ነኝ» አለ።

ከዚያ በኋላ ያለው ይታወቃል። ዳቦ ቤት ሲገባ ወሬ ይቆማል፤ ቤተ ክርስቲያን ሲቀመጥ አጠገቡ ያለው ወንበር ባዶ ይሆናል። ኤቨረት ወደ ሌላ ትልቅ ከተማ ሄደ። ከዚያም ይጽፍላት ነበር፤ እሷ አንድም አልመለሰችለትም። የሃልቮር እግር እንደተጣመመ ተገጠመ፤ ሲግሪድ በየማታው በቅባት ታሸዋለች። እሱም በታሸ ቁጥር የሃትዌልን ልጅ ይረግማል። እሷ አንገቷን ደፍታ ታሻለች።

ዘንድሮ ኤቨረት ባዶ የቀረውን የአባቱን ቤት ሊሸጥ መጣ። በመጣ በሳምንቱ፣ ግንቦት ገብቶ፣ መኪናው ሰምጦ፣ ሞራው ሁሉ ወርዶ ሳለ በረዶ ወረደ።

*

«ይቺም ወፍ ወደቀች» አለ ሃልቮር።

ጠዋት ነው። መስኮቱ ሥር ተቀምጧል፤ የድንች ቂጣው ከነቅቤው ቀዝቅዞ ፊቱ አለ። ከሞቃት አገር የሚመለሱት ወፎች ሰሞኑን ነበር የገቡት። ብርቱካን የመሰሉት፣ ሰማያዊዎቹ፣ ያ ቀዩ ባለ ጥቁር ክንፍ። የሚበሉት ነፍሳት ነው፤ ነፍሳቱ በረዶ ሥር ሆነ። ጓሮው ውስጥ በነጩ ላይ እንደ ተበተነ ጨርቅ ኩርምት ብለዋል። እኔ ወፍ የማልወደው እንኳ ሁለት ጊዜ ፊቴን አዞርኩ።

«ትንሽ ሞራ ባወጣላቸውስ፣ አባዬ?» አለች ሲግሪድ።

«መኪናው ሰምጧል።»

«ይሞታሉ እኮ።»

«ይሙቱ። እግሬን አይተሽዋል።»

አይታዋለች። ከእሷ በላይ ያየው የለም። ቀና ብላ በመስኮቱ አሻግራ ተመለከተች። እኔም አየሁ። ኤቨረት ከወዲያ ግቢ ሣጥን እያወጣ መኪናው ላይ ይጭናል። አንዱን ሣጥን እንዳቀፈ ቆመና ወደ እኛ ቤት አየ። ሲግሪድ የያዘችውን ፎጣ በሁለት እጇ ጨመቀችው። ደረቅ ፎጣ ነበር።

«ያ ሞራ ሰቃይ ዕቃውን ጨረሰ» አለ ሃልቮር። «ይሂድ። አባቱ ጣቴን፣ እሱ እግሬን። አንድ ልጅ ቢወልድ ደግሞ ጭንቅላቴን ይወስድ ነበር።»

«አንተ ሰው፣ ቁርስህን ብላ» አልኩት።

ሲግሪድን ወደ ሉካንዳው በሚያስገባው መተላለፊያ ላይ ያዝኳት። ቤታችንና ሉካንዳው አንድ ጣሪያ ሥር ናቸው፤ በመሐል ያለው አንድ በር ነው።

«ስድስት ሰዓት ላይ ቁልፉን አስረክቦ ይሄዳል» አልኳት። «ከዚህ በኋላ ወደዚህ ከተማ የሚያመጣው ነገር የለም። ዛሬ ካልተናገርሽ መቼ ልትናገሪ ነው? እኔ ስሞት?»

«ይጠላኛል፣ አክስቴ።»

«ማን? አባትሽ?»

«እንጃ። አባዬ ከጠላኝ የት እገባለሁ? ኤቨረት ደግሞ ጠልቶኝ ከሆነስ?»

«እኔ እንዳንቺ ብጨነቅ ይሄኔ ፀጉሬ አልቆ ነበር» አልኩና ለቀቅኋት። አንጀቴን ግን በልታዋለች።

*

የሉካንዳው በር ደወል ያለው ነው። ሲያንቃጭል እኔ ቋሊማ እየቆረጥኩ ነበር። ኤቨረት ገባ። ትከሻው ላይ በረዶ አለ፤ ከስቷል፤ ጢሙን በደንብ አልተላጨም። እኔን አየ፣ ባርኔጣውን አወለቀ፣ ከዚያ እሷን አየ። ያ ሁሉ ጊዜ አልፎ እንዴት እንዳያት ብነግራችሁ የማታምኑኝ ይመስለኛል።

«ሲባጎ ፈልጌ ነው» አለ። «ሣጥኖቹ እየተከፈቱ አስቸገሩኝ።»

«ምን ያህል?» አለች ሲግሪድ።

«እንጃ። ሣጥን የሚዘጋ ያህል።»

ከጥቅሉ መዘዘች፣ በክንዷ ለካች፣ ልትቆርጥ ቢላዋ አነሳችና አልቆረጠችም። ከግድግዳው ወዲያ የሃልቮር ወንበር ሲንቋቋ ይሰማል። ሁለቱም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። እኔ ቋሊማውን በጣም በዝግታ ቆረጥኩ፤ ልወጣ ይገባኝ ነበር፣ አልወጣሁም።

«ጻፍኩልሽ» አለ።

«ደርሶኛል።»

«አንዲት መስመር እንኳ፣ ሲግሪድ። ‹ተወኝ› ብለሽ ብትጽፊ እንኳ እተኛ ነበር።»

«ምን ብዬ ልጻፍልህ?» አለች። «ስሜን ላዳነልኝ ሰው፣ ቤቱንና አገሩን ላስጣልኩት ሰው፣ ‹እኛ ደህና ነን፣ አየሩም ጥሩ ነው› ልበልህ?»

«ስምሽን ለማዳን መሰለሽ?»

«ታዲያ ለምንድነው?»

ባርኔጣውን ባንኮኒው ላይ አኖረ። «ለአንድ ሌሊት ነበር» አለ። «አባትሽ መሬት ላይ ተኝቶ ይጮሃል፤ አንቺ ልትወድቂ ነው። ለዛሬ እኔ ልያዘው፣ ሲነጋ ራሷ ትናገራለች፣ እጇን ይዤ አብሬያት እቆማለሁ ብዬ ነበር። ነጋ። በማግስቱም ነጋ። መንገድ ላይ ልጆች ‹ሞራ ሰቃይ› እያሉ ሲከተሉኝ አንቺ መጋረጃ ውስጥ ሆነሽ አየሽኝ። መጋረጃውን ዘጋሽው።»

መጋረጃውን እንደዘጋችው እኔም አውቃለሁ።

«እነሱ ስለጠሉኝ አይደለም የሄድኩት» አለ። «እነሱስ ይጥሉኝ። አንቺ አፈርሽብኝ።»

«በአንተ አይደለም ያፈርኩት።»

«እኔ ይህን በምን ልወቅ?»

ከግድግዳው ወዲያ ወንበሩ ተንቋቋ። «ሲግሪድ፣ ማነው?» አለ ሃልቮር።

አንድ ቃል ይበቃት ነበር። በሩ ክፍት ነው፤ አባቷ ከበሩ ወዲያ ነው። ኤቨረት ዓይኑን ከእሷ ላይ አልነቀለም፤ እየጠበቀ ነው። አየችው፣ በሩን አየች፣ ቢላዋውን አየች።

«ገበያተኛ ነው፣ አባዬ» አለች።

ኤቨረት ቀስ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ። ሲባጎው ሳይቆረጥ ባንኮኒው ላይ ቀረ። እኔ ልጅቷን በጥፊ ልበላትና ላቅፋት እኩል አማረኝ።

ሽርጧን በዓይኗ ላይ ይዛ ቆየች። ከዚያ አወረደችው። ፊቷ ሌላ ሰው ፊት ሆኖ ነበር። ወደ ማቀዝቀዣው ክፍል ገብታ አንድ ትልቅ ሞራ ይዛ ወጣች፤ ሲባጎውን ቆረጠች፤ ባንኮኒው ላይ አኑራ ሞራውን ጥብቅ አድርጋ አሰረች።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አልኳት።

«ምልክት ላደርግ ነው» አለች። «አባዬ እያየ።»

*

በጓሮው በር ወጥታ፣ በዚያ በረዶ ውስጥ፣ በአባቷ መስኮት ፊት ለፊት ልታልፍ ነበር ሐሳቧ። ሃልቮር ግን በዚያች ቅጽበት ለሽንት ተነስቷል። ሲመለስ የሚያየው ተሰቅሎ ያለቀ ሞራ ነው፤ በአዲሱ የምሥራቅ ቋሚ ላይ፣ የድሮው ከወደቀበት ቦታ። ሰቅላ የተመለሰችው ሲግሪድ ገና ከማገዶው ክምር ጀርባ ነበረች። ምርኩዙ ወለሉን ሲመታ ሰማሁ። ግድግዳው ላይ ያለውን ጠመንጃ ማውረዱን ሳይ ቢላዋውን ጥዬ ተከተልኩት።

ያ እግር እንደዚያ ይሮጣል አልልም ነበር። በረዶውን እየሰነጠቀ አጥሩ ጋ ደረሰ። ሞራውን አየ፤ ጎንበስ ብሎ፣ አፍንጫው ሊነካው እስኪደርስ ቀርቦ፣ ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ቀና ብሎ ወደ ነጩ ቤት ጮኸ።

«ሃትዌል! ና ውጣ!»

ጎረቤት መስኮት ተከፈተ። ወዲያ ማዶ በር ተከፈተ። ኤቨረት ወጣ፤ ቁልፍ በእጁ ይዟል። ሃልቮር ምርኩዙን አንስቶ ሞራውን መታው፤ ሲባጎው ተበጥሶ ሞራው በረዶው ላይ ወደቀ።

«አንድ እግር አልበቃህም?» አለው። «ልትሄድ ስትል እንኳ አታርፍም? እስቲ ንገረኝ፣ ማነው ይህን የሰቀለው?»

ኤቨረት ሞራውን አየ። ከዚያ ሲግሪድን አየ፤ እሷ ከማገዶው ክምር አጠገብ እጇ በሞራ ተለቅልቆ ቆማለች። ምልክቱ ገብቶታል። ፊቱ ላይ የመጣውን ደስታ አይቻለሁ፤ ወዲያው ደግሞ ሲመልሰው አይቻለሁ። ጠመንጃውን አይቶ ነው መሰለኝ። ወይም ለምዶበት ይሆናል።

«እኔ ነኝ፣ አቶ ሃልቮር» አለ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«እኔ ነኝ» አለች ሲግሪድ።

«አይደለችም» አለ ኤቨረት።

«ዝም በል» አለችው። «በቃ፣ ዝም በል። ሁለተኛ በእኔ አፍ አትናገር።» መጥታ በሁለቱ መሐል ቆመች። «እኔ ነኝ፣ አባዬ። ዛሬም እኔ ነኝ፣ የዚያን ቀንም እኔ ነኝ። ለእሱ ነበር የምሰቅለው። መኪናው ሰምጦ እያለ ሰቀልኩ። ድቡን የጠራሁብህ እኔ ነኝ። እሱ ድስት ይዞ አዳነህ፤ ከዚያ የእኔን ጥፋት ለበሰልኝ። እኔ ደግሞ ስትረግመው ዝም ብዬ እግርህን አሻለሁ። ይኸው። ከፈለግህ ከቤት አስወጣኝ።»

የሃልቮር ፊት ይቀየራል ብዬ ጠበቅሁ፤ ይጮሃል፣ ይወድቃል፣ ልቡ ይቆማል ብዬ ልይዘው ቀረብኩ። ምንም አልሆነም። ጠመንጃውን አጥሩ ላይ አስደገፈና ወደ መሬት ተመለከተ።

«አውቃለሁ» አለ።

«ምኑን?» አለች።

«ሞራው ፊቴ ላይ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ድቡ ከሄደ በኋላ አጥሩ ሥር ተጋድሜ፣ እናንተ እስክትደርሱ፣ ከዓይኔ ፊት ያለው እሱ ብቻ ነበር። ቋጠሮው ወደ ግራ የዞረ ነው። ያንን ቋጠሮ በዚህ አገር ከእኔና ከአንቺ በቀር የሚቋጥር የለም።»

እኔ እህቱ ነኝ። አብሬው አድጌ አብሬው አርጅቻለሁ። ይህን ሲናገር ግን የማላውቀው ሰው ከአጠገቤ የቆመ መሰለኝ።

«ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ታውቃለህ?» አለች ሲግሪድ።

«ከዚያን ጊዜ ጀምሮ።»

«እሱ ‹እኔ ነኝ› ሲልም?»

«ያን ጊዜማ እግዚአብሔር ሰጠኝ አልኩ» አለ ሃልቮር። «ሁለት ጣቴን ወስደዋል። ሦስተኛዋን አልሰጥም አልኩ። አንቺ ነሽ ሦስተኛዋ። ከሄደ ትቀሪልኛለሽ፤ ከቀረ ይወስድሻል። ራሱ ልሂድ ሲል እኔ ምን ብዬ ላስቀረው?»

«ዛሬስ?» አለች። «አሁን ቀርበህ ያየኸው? ቋጠሮውን አይተህ ነው የጮህክበት?»

ምርኩዙን በረዶው ውስጥ ወጋ።

«አባዬ፣ አይተህ ነው?»

«አይቼ ነው።»

ሲግሪድ አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። «በየማታው» አለች፣ «‹ያ የሃትዌል ልጅ ያደረገኝን እይ› ስትለኝ፣ እኔ እግርህን ይዤ ውስጤ ሲሞት፣ አንተ እያወቅህ ነበር። ነፍሰ ገዳይ ነኝ እያልኩ ነው የምተኛው። እያወቅህ አስተኛኸኝ።» የሽርጧን ማሰሪያ በጠሰችው እንጂ አልፈታችውም። ሽርጡን አጥሩ ላይ ጣለች። «እንግዲህ ሌላ ጣት ፈልግ።»

ብላ አጥሩን ተሻግራ ወደ ኤቨረት ሄደች። ኤቨረት እጁን ዘረጋላት፤ አልያዘችውም፤ አጠገቡ ብቻ ቆመች፣ ጀርባዋን ለአባቷ ሰጥታ።

ሃልቮር እንጨት መፍለጫው ጉቶ ላይ ተቀመጠ። በአንድ ጊዜ አርጅቷል። ልሂድና ልደግፈው ብዬ እግሬን ሳነሳ፣ ያ ቀዩ ባለ ጥቁር ክንፍ ወፍ ከየት መጣ ሳይባል ከጫማው አጠገብ፣ ከወደቀው ሞራ ላይ አረፈ። መብረር እንኳ አቅቶት ነው የመጣው። አንዴ ቆነጠረ፤ ዓይኑን ጨፈነ፤ ደግሞ ቆነጠረ። ወንድሜ አየው። ከዓይኑ የወረደውን በእጁ ጀርባ ጠረገና፣ ወፉ ፈቀቅ እስኪል ጠብቆ፣ ሞራውን አነሳ።

ሊሰቅለው ነው። መኪናው ሰምጦ፣ ጎረቤት በመስኮት እያየ፣ በዚያ እግር። የተበጠሰውን ሲባጎ በሞራው ዙሪያ አዞረ፣ ሊቋጥር ሳበ፣ ሲባጎው አመለጠው። እንደገና አዞረ። አመለጠው። በጥርሱ ያዘው፤ አሁንም አመለጠው። ያቺ ባለ ሦስት ጣት እጅ በብርዱ ቀልታለች። ሲግሪድ ሳትዞር ድምፁን እየሰማች ነው። እኔ ልንቀሳቀስ አልቻልኩም።

«ጣት» አለ ሃልቮር።

ሲግሪድ አልዞረችም።

«ጣት» አለ ደግሞ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ። «አንቺን አይደለም። አንተን ነው፣ ኤቨረት።»

ሃትዌል አላለውም። ኤቨረት ብሎ ሲጠራው በሕይወቴ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ኤቨረት አጥሩን ተሻግሮ መጣ። ጉቶው አጠገብ በረዶው ላይ ተንበረከከ፣ ጣቱን ዘርግቶ ጠበቀ፤ የት እንደሚያደርገው አያውቅም፣ ማንስ ነግሮት። ሃልቮር አይነግረውም፤ በሕይወቱ አስረድቶ አያውቅም፣ «ጣት» ብቻ ነው የሚያውቀው። ሁለቱ ወንዶች በአንድ ሞራ ላይ አቀርቅረው እንደ ሁለት ሞኝ ተፋጠጡ። ሲግሪድ ያን ጊዜ ዞረች። እያለቀሰች ነው፣ ደግሞ እየሳቀች። መጣች፣ ከጎኑ ተንበረከከች፣ የኤቨረትን ጣት ይዛ ሲባጎው ከሚገናኝበት ላይ አኖረችው፤ እጇን ግን ከእጁ ላይ አላነሳችም።

«ጫን» አለ ሃልቮር። ሲባጎውን ወደ ግራ አዞረ። «ጠበቅ አድርገህ። እንዳትለቅ።»

«አልለቅም» አለ ኤቨረት።

«ኢንገር፣ ጠመንጃውን አቀብዪኝ» አለኝ ወንድሜ ቀና ሳይል። «ከማቀዝቀዣውም ሌላ ሞራ አምጪ፣ ያለውን ሁሉ። ድቡ ከመጣ እኔ እዚሁ ነኝ። ማታ እናወርደዋለን።»

ወፍ አልወድም ብያለሁ። ግን ሮጥኩ። በትሪ ተሸክሜ ስመለስ ያ ብርቱካን የመሰለው አጥሩ ላይ ወርዷል፣ ሰማያዊዎቹ ከሲግሪድ ሽርጥ አጠገብ ሰፍረዋል፣ አንዷ ጎረቤታችንም የራሷን ሞራ ይዛ ከበሯ ላይ ቆማ ታመነታለች። ሃልቮር ቋጠሮውን ጨርሷል። ሲባጎው ጠብቋል፤ የሚጫን ነገር የለም። ሦስቱም ግን እንደነበሩ ናቸው፤ የኤቨረት ጣት ቋጠሮው ላይ፣ የእሷ እጅ እጁ ላይ።

«ጣቴን ላንሳ?» አለ ኤቨረት።

ሃልቮር ያን ቀይ ወፍ ነበር የሚያየው።

«አንሳ አላልኩህም» አለ።